ጉድጓዱ ከመቆፈሩ በፊት፦ ዛፍ፣ ቧንቧና የግቢያችን አፈር

(ከክረምቱ የችግኝ ተከላ በፊት፣ በአዲስ አበባ ለአንድ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ነዋሪዎች የተደረገ ንግግር። ለንባብ እንዲመች ተስተካክሏል።)

ጤና ይስጥልኝ፤ እናቶች፣ አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች። በቅዳሜ ከሰዓታችሁ ስለ ቱቦና ስለ ሥር ለመስማት መምጣታችሁን ከልቤ አመሰግናለሁ። ኮሚቴው ክረምቱ ሳይገባ መጥራቱም ደግ ነው። ሐምሌ ላይ፣ በዝናብ ጭቃ ውስጥ፣ ልጁን ከጎኑ አቁሞ ችግኝ የያዘን ሰው «ቆይ፣ እዚህ ጋ አትትከል» ማለት ይከብዳል። በግንቦት ግን እጃችን ባዶ ነው፤ መነጋገር እንችላለን።

እኔ የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በውሃና በፍሳሽ መስመር ላይ ነው። የመጣሁት ዛፍ አትትከሉ ልል አይደለም። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፦ ምን እንደምትተክሉ ከመወሰናችሁ በፊት ከምትቆፍሩት ቦታ በታች ምን እንደተቀበረ እወቁ። ዛሬ ጉድጓዱን ሦስት ሜትር ወደዚያ ማድረግ ምንም አያስከፍልም። ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ግን ወይ ዛፉ ይቆረጣል፣ ወይ አስፋልቱ ይፈርሳል፣ ወይ ደግሞ ምድር ቤት የሚኖረው ጎረቤታችሁ በየወሩ የሰው ፍሳሽ ከሳሎኑ ሲጠርግ ይኖራል።

አዲስ አበባ በዛፍ የቆመች ከተማ ናት። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በዙሪያዋ የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተቆርጦ ሲያልቅ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም የማዛወር ሐሳብ መጥቶ ነበር። ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ቶሎ ደርሶ እንጨት ሰጠ፤ ከተማዋም ባለችበት ቀረች። በእኛ ጊዜ ደግሞ በ2011 ዓ.ም. የአረንጓዴ አሻራ ሲጀመር ሐምሌ 22 በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተገልጿል። ከዚያ ወዲህ ክረምት በመጣ ቁጥር የማይተክል መሥሪያ ቤት፣ ትምህርት ቤትና ዕድር የለም ማለት ይቻላል። እኔም እተክላለሁ።

ነገር ግን በምኒልክ ዘመን ባሕር ዛፍ ሲተከል ከሥሩ የነበረው አፈር ብቻ ነበር። ዛሬ እዚህ ግቢ ውስጥ ብትቆፍሩ ከቆጣሪ ወደ ሮቶ የሚሄድ የውሃ መስመር ታገኛላችሁ፤ ከየደረጃው ሥር የሚወጣ የፍሳሽ ቱቦ ታገኛላችሁ፤ የዝናብ ውሃ መውረጃ፣ የመብራት ገመድና የኢንተርኔት ፋይበርም አሉ። ከተማው በኮሪደር ልማቱ ገመዶቹን ከምሰሶ እያወረደ መሬት ውስጥ ሲያስገባቸው ደግሞ የመንገድ ዳሩ አፈር ይበልጥ ተጣቧል። ችግኝ ተካዩና ቧንቧ ቀባሪው አንድ ቦታ ላይ ይሠራሉ፣ ግን ተገናኝተው አያውቁም።

አሁን ወደ ሥሩ ልግባ። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ይህን የተረዳ ሰው ሌላውን ሁሉ በራሱ ያገኘዋል።

ብዙ ሰው የዛፍ ሥር ቧንቧ ይሰብራል ብሎ ያምናል። ጤነኛ፣ በደንብ የተገጠመ ቧንቧን ሥር በስቶ አይገባም። የሥር ጫፍ ለስላሳ ነገር ነው፤ የሚያድገው እርጥበት፣ አየርና ምግብ ወዳለበት አቅጣጫ ነው። የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ እነዚህን ሦስቱን አንድ ላይ የሚያገኝበትን ቦታ እኛው እናዘጋጅለታለን። ቧንቧ ሲቀበር ቦይ ይቆፈራል፣ አፈሩ ተመልሶ ይሞላል። ተመልሶ የተሞላ አፈር፣ ምንም ቢጠቀጠቅ፣ ካልተነካው አፈር የላላ ነው። ውሃ ይሰርግበታል፣ አየር ይገባበታል። ስለዚህ በደረቅ አፈር ውስጥ ሲታገል የኖረ ሥር ያን ቦይ ሲያገኝ መንገድ አገኘ ማለት ነው፤ ቦዩን ይዞ ይሄዳል። በመንገዱ ላይ የሚያንጠባጥብ ወይም እንፋሎት የሚያስወጣ መገጣጠሚያ ካለ እዚያ ይቆማል፣ ይበዛል፣ ቀጭን ጫፉንም በክፍተቱ ያሾልካል። ለፀጉር የማይበቃ የሚመስል ስንጥቅ ለእሱ በር ነው። ከገባ በኋላ እየወፈረ ስንጥቁን ያሰፋዋል። ሰው የሚያየው ይህን የመጨረሻውን ነውና «ዛፉ ቧንቧውን ሰበረው» ይላል።

የፍሳሽ ቱቦ ደግሞ ለሥር የተለየ ምቾት አለው። የውሃ ቧንቧ ሙሉ ነው፣ ግፊት አለው። የፍሳሽ ቱቦ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ በላይ ባዶ ነው፤ ከታች ማዳበሪያ ያለበት ውሃ፣ ከላይ አየር። ሥሩ ብዙ ጊዜ ከላይኛው የመገጣጠሚያ በኩል ይገባና ወደ ታች እስከ ውሃው ወለል ይንጠለጠላል። ከዚያ በኋላ የሚያልፈውን ሁሉ ያጠምዳል።

አንድ ግቢ ውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ። ምድር ቤት ያሉ ቤተሰቦች ሽንት ቤታቸው በየጊዜው እየሞላ ተቸግረው፣ መምጠጫ መኪና እየጠሩ ገንዘብ ጨርሰው ነበር የጠሩን። የፖዜቶውን፣ ማለትም የፍሳሽ ቱቦዎች የሚገናኙበትን የፍተሻ ጉድጓድ፣ ክዳን በዲጂኖ አነሳነው። ውሃው ጠቁሮ፣ ላዩ ላይ የረጋ ቅባት ይዞ፣ ምንም ሳይንቀሳቀስ ቆሟል። ከታች ካለው ፖዜቶ በኩል ሽቦ አስገብተን ስንገፋ አንድ ቦታ ላይ እንደ ስፖንጅ ይመልሰናል። ከብዙ ትግል በኋላ ተያይዞ የወጣው ነገር የፈረስ ጭራ ይመስል ነበር፤ ከክንድ የረዘመ፣ ከላይ ወደ ቡናማ የሄደ፣ ውስጡ ነጭ የሆነ የቀጫጭን ሥሮች ጉንጉን። በውሃ አጠብነው። የሴት ፀጉር አለበት፣ የሻይ ቅጠል አለበት፣ የሕፃን መጥረጊያ ሶፍት አለበት፣ ከሁሉ በላይ ግን የቡና አተላ። እያንዳንዱ ጀበና የተራረፈው አተላ በማጠቢያው ሲደፋ እዚያ ሥር ላይ ሄዶ ተቀምጧል፤ ቅባቱ ደግሞ እንደ ሲሚንቶ አያይዞታል።

ነዋሪው ወዲያው አጥሩ ዳር ወዳለው የጎማ ዛፍ ዞረ፤ መጥረቢያ ይምጣ ተባለ። እባካችሁ መጀመሪያ እንቆፍር አልናቸው። ስንቆፍር ቱቦው ምንም አልሆነም፤ መገጣጠሚያው ነው ጉዱ። የቱቦው ጫፍ ተቆርጦ ሲቀጠል ውኃ እንዳያሳልፍ የሚያደርገው የጎማ ቀለበት አልገባም፤ በላዩ ላይ ሲሚንቶ ተለስኖ ተቀብሯል። ሲሚንቶው ተሰነጠቀ፣ ፍሳሹ መሬት ውስጥ መስረግ ጀመረ፣ ሥሩ መጣ። ዛፉ ባይኖር ኖሮ ያ መገጣጠሚያ ማፍሰሱን አያቆምም ነበር፤ ማንም ሳያውቅ የሕንፃውን መሠረት ሥር ሲያረጥብ ይኖር ነበር። ያን ቁራጭ ቀይረን፣ በጎማ ቀለበቱ በትክክል ገጥመን ዘጋነው። የጎማ ዛፉ ዛሬም አለ፤ ጥላው ሥር ልጆች ይጫወታሉ።

ይህን ስል የጎማ ዛፍ ግቢ ውስጥ ይተከል ማለቴ እንዳይመስላችሁ። ዋርካ፣ ሾላ፣ የጎማ ዛፍ የአንድ ወገን ዛፎች ናቸው፤ ሥራቸው ሩቅ ይሄዳል፣ ይወፍራል፣ የአጥር ግንብ ያነሳል። ሜዳ ሲያገኙ ግን ከእነሱ የሚበልጥ ጥላ የለም፤ ቦታቸው ሜዳ ነው።

ሁለተኛው ነገር አፈሩ ነው፤ በእኛ ከተማ ይህን ሳይናገሩ ስለ ቧንቧ ማውራት አይቻልም። ወደ እንጦጦ ግርጌ ያለው አፈር በአብዛኛው ቀይ ነው። ወደ ቦሌ፣ ወደ አቃቂ ቃሊቲ ስትወርዱ ጥቁሩ መረሬ ይበዛል። መረሬ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ይሸማቀቅና እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ቱቦው በየዓመቱ አንዴ ወደ ላይ ይገፋል፣ አንዴ ወደ ታች ይለቀቃል። ፍሳሽ በስበት ነው የሚሄደው። የቤት ቱቦ በየሜትሩ አንድ ወይም ሁለት ሳንቲ ሜትር ብቻ ዝቅ እያለ ይሄዳልና ትንሽ ቢጎብጥ ውሃው መሐል ላይ ይቆማል፤ መገጣጠሚያውም ይላቀቃል። በዚህ ላይ ውሃ የሚጠጣ ትልቅ ዛፍ አጠገቡ ሲተከል በበጋ የአፈሩን እርጥበት ከጥልቅ ስቦ ያወጣዋል፤ መሸማቀቁ ይብሳል። ማለት፣ በመረሬ ላይ ዛፍ ቱቦውን ሳይነካው፣ አፈሩን በማድረቅ ብቻ ሊጎዳው ይችላል። ለዚህ ነው አንድ ዓይነት ዛፍ ጉለሌ ላይ በአምስት ሜትር የሚበቃውን እዚህ ስምንት ሜትር አርቁት የምለው።

የውሃ መስመርን በተመለከተ ሰው ብዙ አይሠጋም። ግፊት ስላለው ሥር አይገባበትም ይባላል፤ ውሃው ሳያቋርጥ ለሚሄድበት አገር እውነት ነው። እኛ ግን ውሃ በፈረቃ የምናገኝ ነን። ከለገዳዲም ይምጣ ከገፈርሳ ወይም ከአቃቂ ጉድጓዶች፣ ወደ ብዙው ሰፈር በየቀኑ ሙሉውን ሰዓት አይደርስም። ፈረቃው ሲያልቅ መስመሩ ባዶ ይሆናል። በሚያንጠባጥብ መገጣጠሚያ ዙሪያ የተሰበሰበ ሥር ያን ጊዜ ተቃራኒ ግፊት የለበትም። ከዚህ የከፋው ግን ሌላ ነው፦ ባዶ መስመር ውስጥ የአየር ጉድለት ሲፈጠር በዚያው ቀዳዳ ከውጪ ያለውን የቆሸሸ ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል። አጠገቡ የሚያፈስ የፍሳሽ ቱቦ ካለ ምን እንደሚገባ መናገር አያስፈልገኝም። ፈረቃው ሲመጣ የመጀመሪያው ውሃ ድፍርስ ሆኖ፣ ሽታ ይዞ የሚመጣባችሁ ቤቶች ካላችሁ ቀላል ነገር አድርጋችሁ አትለፉት፤ መስመራችሁ ይመርመር። ሕፃናት ያሉበት ቤት ነው።

ይህን በጊዜ የሚያሳይ አንድ ምልክት አለ፤ ለማየት መሣሪያ አያስፈልግም። በየካቲትና በመጋቢት፣ ሣሩ ሁሉ ቢጫ ሲሆን፣ ማንም ሳያጠጣው ብቻውን የለመለመ ቁራጭ መሬት ግቢያችሁ ውስጥ ካለ ከሥሩ ውሃ አለ። ወይ ንጹሑ፣ ወይ ሌላው። ዘንድሮ እናንተ ግቢ ከበሩ በስተግራ እንዲህ ያለ ቦታ ማየቴን ለኮሚቴው ነግሬያለሁ፤ እዚያ ላይ ምንም ከመተከሉ በፊት ይቆፈርና ይታይ።

የግል ቤት ያላችሁ፣ ወይም ወላጆቻችሁ በግል ቤት የሚኖሩ፣ የሽንት ቤት ጉድጓድና ማስረጊያውን፣ ማለትም ፍሳሹ በጠጠር አልፎ ወደ አፈር የሚሰርግበትን ቦታ፣ አስቡ። ብዙ ሰው እዚያ ላይ ሙዝ ይተክላል፤ ያምራል፣ ቶሎ ያድጋል፣ ፍሬም ባይሰጥ ቅጠሉ ለዳቦ መጋገሪያ ይሆናል። የሙዝ ሥር ግንብ አያፈርስም። የማስረጊያውን ጠጠር ግን ይሞላዋል፤ ሲሞላ ጉድጓዱ ቶሎ ቶሎ መመጠጥ ይፈልጋል። በማስረጊያ ላይ የሚሻለው ሣር ነው። ካሮት፣ ቀይ ሥርና ድንች እዚያ ላይ ፈጽሞ አትትከሉ። ጥሬውን የሚበላ ሰላጣም እንዲሁ።

ስለ ወንዝ ዳር አንድ ነገር ልበል። ከተማችን ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው እንጦጦ ተነስታ ወደ አቃቂ ቁልቁል ትወርዳለች። ፍሳሽም በስበት የሚሄድ ስለሆነ ዋና ዋናዎቹ መስመሮች ሸለቆውን ይዘው ወደ ቃሊቲ ማጣሪያ ይወርዳሉ። የወንዝ ዳርቻ ልማቱም፣ የሰፈር ወጣቶች የክረምት ተከላም የሚመርጠው ያንኑ ሸለቆ ነው። የወንዝ ዳር ዛፍ ያስፈልጋል፤ አፈር ይይዛል፣ ጎርፍ ያበርዳል። ብቻ ከፍ ብሎ የወጣ ክብ የሲሚንቶ ማንሆል ካያችሁ ቀጣዩን ፈልጉ፤ መስመሩ በሁለቱ መካከል ነው። በዚያ መሐል ላይ ሣርና ቁጥቋጦ ይሁን፤ ዛፉ ወደ ጎን ፈቀቅ ይበል። ያ ቱቦ ሲደፈን የሚጎዳው አንድ ሕንፃ አይደለም፤ ፍሳሹ በቀጥታ ወንዝ ውስጥ ነው የሚገባው፤ ከታች በዚያ ውሃ ጎመን የሚያጠጡ ገበሬዎች አሉ።

እንግዲህ እንዴት እናውቀዋለን ለሚለው፣ ሥራው የአንድ ጠዋት ነው። ፖዜቶዎቹን ሁሉ ፈልጉ፤ አንዳንዱ በአፈር ተሸፍኗል፣ አንዳንዱ ላይ አበባ ማስቀመጫ ተደርጎበታል። ክዳናቸውን ክፈቱና አንድ ሰው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ውሃ ይልቀቅ፤ የትኛው ፖዜቶ ከየትኛው እንደሚገናኝ ውሃው ራሱ ያሳያችኋል። በሁለቱ መካከል ሲባጎ ወጥሩና በኖራ አስምሩ። ውሃውን ደግሞ ከቆጣሪው ጀምሩ፤ የድሮው የሕንፃ ሠራተኛ፣ ጥበቃው፣ መጀመሪያ የገቡት ነዋሪዎች ብዙ ያስታውሳሉ። ከግቢው ውጪ ያለውን መስመር ለማወቅ የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ቅርንጫፍን ጠይቁ። ከዚያ በኋላ ያሰመራችሁትን ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ሳሉት፤ ከሕንፃው ማዕዘን ስንት ሜትር እንደሆነ ጻፉበት። ኮሚቴ ይቀየራል፣ ጥበቃ ይቀየራል፤ ወረቀቱ በቢሮው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ብዙ ሕንፃ ገብቼ ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ ይህን ወረቀት ለጥፎ ያየሁት ግቢ ግን እጅግ ጥቂት ነው።

ከኖራው መስመር በስንት ሜትር? እኔ የምመክረው እንዲህ ነው። በመስመሩ ላይ ቀጥታ ሣርና አበባ ብቻ። ጽጌረዳ፣ የጥብስ ቅጠል፣ ጤና አዳም፣ አሪቲ የመሳሰሉት 1 ሜትር ያህል ራቅ ካሉ ይበቃቸዋል። ኮክ፣ ሎሚ፣ ፖም የመሳሰለ ትንሽ ዛፍ 3 ሜትር። ጃካራንዳ፣ ግራቪላ፣ ዋንዛ፣ ጽድ 6 ሜትርና ከዚያ በላይ፤ በመረሬ ላይ ጨምሩበት። ባሕር ዛፍና የዋርካ ወገን ከ10 ሜትር በታች ፈጽሞ አይታሰቡ፤ እንደዚህ ባለ ጠባብ ግቢ ውስጥ ደግሞ ጨርሶ ባይገቡ ይሻላል። አቮካዶ ሁሉም ይወደዋል፤ ግን ትልቅ ዛፍ ነው፣ እንደ ኮክ አትቁጠሩት። ቀርከሃ በመሬት ውስጥ ግንድ የሚስፋፋ ተክል ስለሆነ ዳር ዳሩን በግንብ ያልታጠረ ቦታ ላይ አትትከሉት። ወይራና ዝግባ ቀስ ብለው ያድጋሉ፤ ቀስ ብሎ ማደጉ ግን ለዘላለም ትንሽ ሆኖ ይቀራል ማለት አይደለም። የልጅ ልጆቻችሁ የሚያዩት ትልቅ ዛፍ ነውና ሰፊ ቦታ ስጧቸው።

ዘምባባን ነጥዬ ላንሳው። የዘምባባ ሥር እንደ ሌላው ዛፍ ሥር እየወፈረ አይሄድም፤ ከግንዱ ሥር በብዛት የሚወጡ፣ ሁሉም ተመሳሳይ ውፍረት ያላቸው ሥሮች ናቸው። ስለዚህ ቱቦን ገፍቶ የማፈናቀል አቅሙ ያነሰ ነው። ጥላው ግን ትንሽ ነው። ለመንገድ አካፋይ ይሆናል፤ ልጆች ፀሐይ ሽሽት ለሚቀመጡበት ግቢ ግን እኔ ጃካራንዳ ነው የምመርጠው፣ ርቀቱ ከተጠበቀ።

ሥር እንዳያልፍ የሚከለክል ነገር አለ ወይ ለሚሉ፣ አለ። በዛፉና በመስመሩ መካከል ቦይ ተቆፍሮ ወፍራም የፕላስቲክ ሰሌዳ ወይም ቀጭን የኮንክሪት ግንብ ይቆማል። አብዛኛው የዛፍ ሥር በላይኛው 60 ሳንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ነው የሚኖረው፤ ስለዚህ 1 ሜትር የወረደ ሰሌዳ ብዙውን ይመልሳል። ጠርዙ ከመሬት ትንሽ ከፍ ይበል፤ ካልሆነ ሥሩ ከላይ ተሻግሮ ይሄዳል። ይህ ግን ርቀት ማግኘት ሲያቅት የሚደረግ ነው። ከሁሉም በላይ የሚጠብቃችሁ በደንብ የተገጠመ ቱቦ ነው። አዲስ መስመር ስታስዘረጉ ሠራተኛው ጎማ ቀለበቱን ሲያስገባ ቆማችሁ እዩ፤ አፈር ከመመለሱ በፊት ውሃ ተሞልቶበት ይፈተሽ፤ ከሥሩና ከዙሪያው አሸዋ ይደረግ። በሙቀት ተበይዶ የሚገጠመው ጥቁር ፕላስቲክ ቧንቧ መገጣጠሚያው እንደ ራሱ ቧንቧ ስለሚሆን ዛፍ ባለበት ቦታ ተመራጭ ነው።

ጥያቄ የጠየቃችሁኝን ልመልስ።

አንዲት እናት፣ በደጃቸው ያለው ግራቪላ ከፖዜቶው ሁለት ሜትር ላይ ነው፤ ልቁረጠው ወይ ብለውኛል። እማማ፣ አይቁረጡት። መጀመሪያ ፖዜቶውን ከፍተው ይዩ። ሥር የለበትም፣ ውሃው ይሄዳል፣ ከሆነ ምንም አያድርጉ፤ በዓመት ሁለቴ ብቻ ይክፈቱት፣ አንዴ ከክረምት በፊት፣ አንዴ ከመስቀል በኋላ። ሥር ካለ ደግሞ በሽቦ ይጸዳል፤ ግን ተቆርጦ የቀረው ሥር እንደ ተገረዘ ቅርንጫፍ በዝቶ ተመልሶ ይመጣልና ያ መገጣጠሚያ መጠገን አለበት። ሥሩን ከውጪ መቁረጥ ግድ ሲሆን ከግንዱ አጠገብ እንዳይሆን ይጠንቀቁ። ከግንዱ ውፍረት ሦስት እጥፍ በማይበልጥ ርቀት ውስጥ ወፍራም ሥር የተቆረጠበት ዛፍ በነፋስ የሚወድቅ ዛፍ ነው፤ ከሥሩ ደግሞ ልጆች አሉ።

ሌላው ወንድሜ ስለ አሲድ ጠይቋል። ከሱቅ የሚገዛው አሲድ ሲደፋበት ለጊዜው ይከፈታል፤ ልክ ነህ። ግን አሲዱ የሚደርሰው ሥሩ ጫፍ ላይ ነው፣ ዛፉ ሌላ ጫፍ ያበቅላል። በዚያ ላይ የሲሚንቶ ቱቦውንና የፖዜቶውን ግድግዳ ይበላዋል፤ ሽንት ቤት ጉድጓድ ካላችሁ ደግሞ ቆሻሻውን የሚያብላሉትን ጥቃቅን ሕዋሳት ይገድላል። በኋላ ቱቦውን ለመጠገን የሚገባው ሠራተኛም እጁና ዓይኑ ይቃጠላል። ጨው መድፋትም እንዲሁ ነው፤ አፈሩን ለዓመታት ያበላሸዋል። ከዚህ ሁሉ የቡናውን አተላ በማጠቢያ አትድፉ፤ ለአበባው ሥር ስጡት። የተረፈ ዘይትም በጠርሙስ ይጠራቀም።

የመጨረሻው ጥያቄ የወጣቶቹ ነው። አምና በኋለኛው በር በኩል የተከሏቸው ችግኞች በትክክል በፍሳሽ መስመሩ ላይ ነው ያሉት፤ አሁን በኖራ ሲሰመር ታወቀ። ልጆች፣ ችግኞቹ ገና ጉልበት እንኳን አልደረሱምና ይነሳሉ። አሁን አትንኳቸው፤ ፀሐዩ ያደርቃቸዋል። ዝናቡ ገብቶ አፈሩን ካራሰው በኋላ፣ ደመና ባለበት ቀን ወይም ወደ ማታ ይሁን። አዲሶቹ ጉድጓዶች ግን ከዛሬ ጀምሮ ይቆፈሩ፤ በአጥሩ በኩል፣ ከኖራው ስድስት ሜትር ርቀት ላይ፤ የላዩ አፈር ለብቻ፣ የታችኛው ለብቻ ይቀመጥ። ችግኙን ስታነሱት በዙሪያው አንድ ክንድ ያህል አርቃችሁ ቆፍሩ፣ ከነአፈሩ በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልላችሁ ውሰዱት፣ በነበረበት ጥልቀት ልክ ትከሉት፣ ቅጠሉንም በጥቂቱ አሳሱለት። ሰኔ ማለቂያ ላይ ባለው ቅዳሜ ጠዋት እኔም አካፋዬን ይዤ እመጣለሁ፤ ጆንያውን እናንተ አዘጋጁ።